94 አማካይ ይዤ ለሃርቫርድና ለመሰሎቹ ባመለክት ያዋጣኛል?

ጥያቄ፣ የጦሳ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁም። ደሴ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው የምማረው፣ 11ኛ ክፍል ተፈጥሮ ሳይንስ። ባለፈው ሴሚስተር 94 አምጥቼ 2ኛ ወጥቻለሁ። አሜሪካ ሙሉ እርዳታ የሚሰጡትን ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች መሞከር እፈልጋለሁ። ግን ኦሊምፒያድ አልተወዳደርኩም፣ ክበብም አልመሠረትኩም። ከትምህርት መልስ እናቴ ሱቅ ነው የምውለው። አንድ ደላላ ደግሞ «60 ሺህ ብር ብቻ አምጪ፣ ሁሉን እኔ እጨርሰዋለሁ» ብሎኛል። ውጤቴ ይበቃል? ከውጤት ሌላስ ምን ያያሉ?

ቦስተን የከረመ፦
እህቴ፣ መጀመሪያ ደላላውን ሸኚው። የሱን ሥራ በነፃ የሚሠራልሽ አለ፤ አዲስ አበባ በአሜሪካ ኤምባሲ በኩል ኤዱኬሽን ዩኤስኤ የሚባል የምክር አገልግሎት አለ።

ወደ ጥያቄሽ ስመጣ፣ እኛ አገር መቁረጫ ነጥብ ካለፍሽ አለፍሽ ነው። እዚህ እንደዛ የሚባል ነገር የለም። ሃርቫርድ በዓመት 50 ሺህ ገደማ ሰው ያመለክትበታል፣ የሚቀበለው 2 ሺህ አካባቢ ነው። ከሚመልሳቸው ውስጥ ውጤታቸው አንደኛ የሆነ ሞልቷል። ስለዚህ 94 ከውድድሩ አያስወጣሽም፣ ለብቻው ግን አያስገባሽም።

ውጤትሽን የሚያነቡት ከትምህርት ቤትሽ ጋር አያይዘው ነው። 94 እንደ ዋዛ የሚታደልበት ትምህርት ቤት አለ፣ በስንት መከራ የሚገኝበትም አለ። እነሱ ደሴን አያውቁም። ስለዚህ ርዕሰ መምህሩ ማርክ እንዴት እንደሚሰጥ፣ 2ኛ የወጣሽው ከስንት ተማሪ እንደሆነ ይጻፉልሽ። «2ኛ» ብቻ ከሆነ ምንም አይነግራቸውም።

ሱቁን ደግሞ አትናቂው! ኮመን አፕ የሚባለው ማመልከቻ ላይ ከክፍል ውጭ የምትሠሪውን የምትዘረዝሪበት 10 ቦታ አለ። ሥራም የቤተሰብ ኃላፊነትም እዚያው ይገባል። «እናቴን እረዳለሁ» ብለሽ እንዳታልፊው። ከስንተኛ ክፍል ጀምሮ፣ በሳምንት ስንት ሰዓት፣ ምን ምን? የዱቤ ደብተሩን የምትይዢው አንቺ ነሽ? ማን ስንት እንዳለበት፣ ማን በወር መጨረሻ እንደሚከፍል የምታውቂው አንቺ ከሆንሽ እሱን ጻፊ። ለማመልከቻ ሲባል በሁለት ሳምንት ከሚቋቋም «የበጎ አድራጎት ማኅበር» እሱ ይሻላል። አንባቢዎቹ እንዲህ ያለውን ማኅበር አይተው አይተው ሰልችቷቸዋል።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲ፣ ዳርትማውዝ፣ አምኸርስትና ቦውዶይን የውጭ አገር ተማሪ እርዳታ ስለጠየቀ አይጎዱትም። ከተቀበሉ የጎደለውን ይሸፍናሉ። ስታንፎርድና ኮሎምቢያ ግን የውጭ ተማሪ ሲመርጡ የመክፈል አቅሙንም ያያሉ። ዝርዝርሽን ስታወጪ ይህን ልብ በይ።

ጡረተኛው የፊዚክስ መምህር፦
ልጄ፣ ከላይ የተባለው ልክ ነው። እኔ ስለ ድጋፍ ደብዳቤው ልጨምር። ብዙውን ጊዜ ሁለት መምህራን ይጽፉልሻል። የእኛ ሰው ደብዳቤ ሲጽፍ «ጸባየ ሸጋ፣ ታታሪና ሰው አክባሪ ናት» ብሎ ይፈርማል። ይህ ለማንም ይሆናል። «የፈተናው መልስ ቁልፍ ላይ ስህተት አግኝታ፣ ከክፍል በኋላ መጥታ አሳየችኝ» የሚል አንድ መስመር ይበልጣል። ስለዚህ ማርክ ያበዛልሽን ሳይሆን በደንብ የሚያውቅሽን መምህር ጠይቂ።

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናውንም ችላ እንዳትዪ። በ2014 ዓ.ም. ፈተና 50 በመቶና በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3 በመቶ ገደማ ብቻ እንደነበሩ ታስታውሻለሽ። የአሜሪካኖቹ መልስ የሚመጣው መጋቢት ላይ፣ አንቺ ከመፈተንሽ በፊት ነው። እነሱ በእጃቸው የሚኖረው ከ9ኛ እስከ 11ኛ ያለው ውጤትሽና የ12ኛ መጀመሪያ ሴሚስተር ነው። 12ኛ ላይ ብትዘናጊ ያዩታል።

ኤስኤቲ የወሰደች፦
ሃይ! ሃርቫርድና ኤምአይቲ ኤስኤቲ ወይም ኤሲቲ የሚባሉትን የአሜሪካ መግቢያ ፈተናዎች ግድ ይላሉ። ዬል በነሱ ፋንታ ኤፒ ወይም አይቢ የሚባሉትን የሁለተኛ ደረጃ ፕሮግራሞች የፈተና ውጤት ይቀበላል፣ ግን እኛ ጋ እነዚህን የሚያስተምር የመንግሥት ትምህርት ቤት ስለሌለ ያው ኤስኤቲ ነው። ሃርቫርድ ፈተናውን ማግኘት ጭራሽ ለማይችል ሰው የአገሩን ብሔራዊ ፈተናም ሊያይ እንደሚችል ጽፏል። ቢሆንም በሱ አትተማመኚ።

ፈተናው በኮምፒውተር ነው፣ ከ1600 ይታሰባል። ብሉቡክ የሚባለው የፈተናው መተግበሪያ በስልክ አይሠራም፣ ላፕቶፕ ወይም አይፓድ ከአሁኑ ፈልጊ። ልምምዱ ካን አካዳሚ የሚባል ድረ ገጽ ላይ በነፃ አለ። ክፍያው በውጭ ካርድ ስለሆነ ውጭ ዘመድ ካለሽ ቀድመሽ ንገሪ። ፓስፖርትም እንደዛው፣ ለመጨረሻ ሰዓት አታቆዪው።

የማመልከቻው ቀነ ገደብ ለቀደምት አመልካቾች ጥቅምት 22፣ ለመደበኛው ብዙ ቦታ ታኅሣሥ 23 አካባቢ ነው። ስለዚህ ክረምቱን ተጠቀሚበት።

ለንደን ነኝ፦
ለኦክስፎርድና ለካምብሪጅ ግን የሱቁ ነገር እምብዛም አይሠራም። ፊዚክስ ካመለከትሽ ቃለ መጠይቁ ላይ ፊዚክስ ያሠሩሻል፣ አለቀ። ለመጀመሪያ ዲግሪ ሙሉ እርዳታም እዚህ በጣም ጠባብ ነው። ባንቺ ሁኔታ አሜሪካው ይሻላል።

የጦሳ ልጅ፦
በጣም አመሰግናለሁ፣ ኑሩልኝ። የዱቤ ደብተሩን አዎ፣ እኔ ነኝ የምይዘው 😄 መምህር፣ እርስዎን አንድ ነገር ልጠይቅዎት፦ በደንብ የሚያውቁኝ የሒሳብ መምህሬ ናቸው፣ ግን በእንግሊዝኛ መጻፍ ይከብዳቸዋል። እኔ ብተረጉመው ችግር አለው?

ጡረተኛው የፊዚክስ መምህር፦
አንቺ አትንኪው ልጄ። በአማርኛ እንደልባቸው ይጻፉት። የእንግሊዝኛ መምህራችሁ ይተርጉመው፣ ከሥር ስሙንና የተረጎመው እሱ መሆኑን ይጻፍበት። ሁለቱም አብረው ይላኩ።