ኮርኒሳችን ውስጥ ጉጉት ገብታለች፤ መግደል ያስከስሳል ወይ?

ጥያቄ፦ የሂርማታዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ፣ ሂርማታ ነው የምንኖረው። ቤቱ የባለቤቴ አያት የሠሩት የድሮ ቤት ነው። ከሁለት ሳምንት ወዲህ ማታ ማታ ከኮርኒሱ በላይ «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ እንሰማለን። መጀመሪያ እባብ መስሎን እግራችንን ሰብስበን ነበር የምንተኛው። ቅዳሜ ዕለት ዋርሳዬ በባትሪ ሲያይ ጉጉት ሆና ተገኘች። ፊቷ ነጭ ነው፣ የልብ ቅርጽ ያለው።

ከሥሯ ያለው ዕቃ ቤታችን ነው። በቆሎና ትንሽ ጀንፈል ቡና አስቀምጠናል። ኩሷ ጆንያው ላይ ይንጠባጠባል፣ ሽታው አይጣል ነው። የባሰው ደግሞ አማቴ ከጥር ጀምሮ አልጋ ላይ ናቸው። ጎረቤቱ ሁሉ «ጉጉቷ የመጣችው ለእሳቸው ነው» እያለ ያንሾካሽካል። ዋርሳዬ የአየር ጠመንጃ ተውሶ ሊተኩስባት ነው።

እና ጥያቄዬ፦ ጉጉት መግደል በሕግ ያስጠይቃል? ሳንገድላትስ እንዴት እናስወጣት? እግረ መንገዴን፣ ጭልፊትስ? አሥራ አንድ ጫጩት ነበሩኝ፣ አራት ቀሩ።

መልስ፦ ቦሳ ኪቶ

ምን ያስጨንቅሻል እህቴ። ቁራጭ ሥጋ ላይ የአይጥ መርዝ ነስንሰሽ ኮርኒሱ ውስጥ ወርውሪ። በነጋታው ትገላገያለሽ። ለጉጉት ጠበቃ የሚያቆም ማን አለ?

መልስ፦ የጫካው ልጅ

ቦሳ ኪቶ፣ ጠበቃውስ አለ። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 የሚናገረው ስለ አንበሳና ስለ ዝሆን ብቻ አይደለም። የቤት እንስሳ ያልሆነ ሁሉ የዱር እንስሳ ነው፤ ወፍም እዚያው ውስጥ ነው። ያለ ፈቃድ ማደን ክልክል ነው። አዋጁ ሲወጣ ያስቀመጠው ቅጣት ከ5,000 እስከ 30,000 ብር፣ ወይም ከ1 እስከ 5 ዓመት እስራት፣ ወይም ሁለቱም ነው።

እንደ ጅግራና ቆቅ ያሉትን ፈቃድ ያወጣ አዳኝ ሊያድን ይችላል። ጉጉት ግን ለምን ትታደናለች? ሥጋዋ አይበላም። «ቤቴ ገባች» ማለትም ፈቃድ አይሆንም። አስቸጋሪ እንስሳ ሲገጥም መንገዱ ማመልከት ነው። ጅማ ላይ የኦሮሚያ ደንና ዱር እንስሳት ድርጅት ቅርንጫፍ አለ። እዚያ ሂጂና ነገሩን ንገሪያቸው።

ስለ ጠመንጃው ደግሞ ለዋርሳሽ ንገሪልኝ። ቤት ለቤት በተጠጋጋበት ሰፈር ተኩስ ራሱ ሌላ ጣጣ ነው። የጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚባል አለ። ጉጉቷን ሳተ፣ ቆርቆሮውን ቀዳደደ፣ ከዚያ ደግሞ ጣቢያ። ለዚህ ሁሉ ምን አደከመው?

መልስ፦ መርካቶ በር

ጉጉት ይሸጣል ሲባል አልሰማችሁም? ደላሎች በደህና ዋጋ ይገዛሉ አሉ። ይዛችሁ ሽጧት፣ ለአማትሽም መታከሚያ ይሆናል።

መልስ፦ የጫካው ልጅ

ወንድሜ፣ ይሄ ከመግደሉም ይብሳል። ያለ ፈቃድ መያዙም መሸጡም በዚያው አዋጅ ያስጠይቃል። ከአገር ይውጣ ከተባለ ደግሞ ሳይተስ የሚባለው፣ የዱር እንስሳትን ንግድ የሚቆጣጠር ዓለም አቀፍ ስምምነት አለ። ኢትዮጵያ ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አባል ናት። ዛሬ በሕይወት ያሉት የጉጉት ዝርያዎች በሙሉ ዝርዝሩ ውስጥ ናቸው። አንድም የቀረ የለም። ይልቅ «አሉ» የሚሉትን ደላሎች ተዋቸው። ስንቱን ሰው በባዶ ተስፋ ጫካ ለጫካ አንከራተውታል።

መልስ፦ የከብቱ ሐኪም

የመርዙን ምክር በጣም እቃወማለሁ። ከሕጉም በፊት በሙያዬ።

አንደኛ፣ ነጭ ፊት ያላት ይቺ ጉጉት በተፈጥሮዋ ሰው ቤት፣ ጎተራና ደወል ቤት የምትወድ ናት። እዚያ የገባችው አይጥ ስላለ ነው። በቆሎና ጆንያ ባለበት አይጥ አይጠፋማ። በአንድ ሌሊት ሦስት አራት አይጥ ትውጣለች፣ ያውም ሳታኝክ። ሥጋው ይፈጭና አጥንቱንና ፀጉሩን አድቦልቡላ ትተፋዋለች። ኮርኒሱ ላይ ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ፣ አውራ ጣት የሚያህል ነገር ካገኘሽ ኩስ እንዳይመስልሽ። ፈርክሺው፣ የአይጥ ራስ ቅል ታገኚበታለሽ። ተማሪ ሆነን በወረንጦ ስንቆጥር ነበር የምንውለው።

ሁለተኛ፣ የሰማሽው «ሽሽሽ» የጫጩቶች ድምፅ ይመስለኛል። እናትየው የምትጮኸው በሌላ ድምፅ ነው፤ ሰው የታነቀ የሚመስል፣ የሚያስደነግጥ። ጫጩቶቹ ግን ሲርባቸው እንደ እባብ ያፏጫሉ። ጫጩት ካለ እናቲቱን ብትገድሉ እነሱ እዚያው ሞተው ይበሰብሳሉ። ያኔ ሽታ ምን እንደሆነ ታያላችሁ።

መርዙን ጉጉቷ ባትበላው ድመት ይበላዋል። የተመረዘውንም አይጥ የሚበላው ሌላ ነው። ቄራ አካባቢ የምታዩት ጥንብ አንሳ በአፍሪካ እየተመናመነ ያለው በአብዛኛው እንዲህ ሥጋ ላይ በሚነሰነስ መርዝ ነው። ኮፍያ ያደረገ የሚመስለው ትንሹ ጥንብ አንሳ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ ተመድቧል። እኛ ጅማ ቁጭ ብለን በየቀኑ ስለምናየው የሞላ ይመስለናል።

አሁን ምን ላድርግ ካልሽ፦ ጠብቂ። ዕንቁላሉ በአንድ ወር ገደማ ይፈለፈላል። ጫጩቶቹ ከዚያ በኋላ ሁለት ወር አካባቢ ቆይተው ይበራሉ። እስከዚያ ከኮርኒሱ ሥር ላስቲክ ወጥሪ፣ ጆንያውን ወደ ሌላ ጥግ አዙሪ። ሲሄዱ ቀዳዳውን በወንፊት ሽቦ ድፈኚ። የምትደፍኑት ግን ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ፣ ለአደን ወጥተው ባዶ መሆኑን በባትሪ አይታችሁ ነው። ስታጸዱ ኩሱን ውኃ ረጭታችሁ፣ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ። ደረቁን ብትጠርጉት አቧራው ለሳንባ ጠንቅ ነው። በተለይ በሽተኛ ባለበት ቤት።

መልስ፦ ከጅሬን እስከ ሚኒሶታ

እኔ ጅሬን ነው ያደግሁት፣ አሁን አሜሪካ ነኝ። እዚህ ስለ ወፍ የወጣ የ1918 ሕግ አላቸው። ጉጉቶች የተጨመሩበት በ1972 ነው፤ ሁለቱም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ላባዋን እንኳ መንገድ ላይ አንስተህ ቤት ማስቀመጥ ክልክል ነው ሲሉኝ ሳቅሁ። ድንቢጥና የከተማ እርግብ ግን ከሌላ አገር የመጡ ናቸው ብለው ከሕጉ አውጥተዋቸዋል። የሚገርመው ገበሬው ራሱ የእንጨት ሳጥን ሠርቶ ጎተራው ላይ ይሰቅልላታል፣ ትምጣልኝ ብሎ። እኛ እናባርራለን፣ እነሱ ይጋብዛሉ።

መልስ፦ ሲስተር

እህቴ፣ እግዜር አማትሽን ይማርልሽ። የሟርቱን ነገር እኔም ሰምቼ ነው ያደግሁት። አያቴ ጉጉት ስትጮኽ «ክፉ ወሬሽን ለራስሽ!» ትል ነበር። ሃያ ዓመት በሽተኛ ሳስታምም ግን አንድ ነገር አስተውያለሁ። በሽተኛ ያለበት ቤት ሌሊቱን ሙሉ መብራት አይጠፋም፣ ሰው አይተኛም። ጉጉቷ ድሮም ትጮኽ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ተኝተን አንሰማትም። አሁን ነቅተን ስለምናድር «መጣች» እንላለን። ጎረቤቶችሽን ደግሞ እሳቸው ጆሮ ሥር እንዳያንሾካሽኩ አድርጊ። ከጉጉቷ ይልቅ እሱ ነው የሚጎዳቸው።

መልስ፦ ጋሽ ማማው

ልጆቼ፣ አስቸጋሪ ወፍ ማለት ግሪሳ ነው። እኔ ስምጥ ሸለቆ ሠርቻለሁ። ሰማዩን እንደ ጭስ ሸፍኖ ይመጣና የማሽላ ማሳ በአንድ ቀን ገለባ ያደርጋል። በልጅነታችን ማማ ላይ ወጥተን፣ ወንጭፍ ይዘን፣ ጉሮሯችን እስኪነቃ ስንጮኽ እንውል ነበር። መንግሥት በአውሮፕላን መድኃኒት የሚረጨው እንዲህ ላለው ነው። እሱንም ቢሆን ገበሬው ለግብርና ጽሕፈት ቤት ያመለክታል እንጂ ራሱ መርዝ አይበጠብጥም። አንዲት ጉጉት ከዚያ ጋር አንድ ላይ አትቆጠርም።

መልስ፦ የሂርማታዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ እድሜ ይስጥልኝ። ዋርሳዬን ዛሬ ወደ ላይ አወጣሁት። ዶክተሩ እንዳሉት አራት ጫጩቶች ናቸው፣ አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ። ደረጃ በደረጃ የተቀመጡ ይመስላሉ። ጠመንጃውን መልሷል። የጭልፊቱን ግን ማንም አልመለሰልኝም።

መልስ፦ የከብቱ ሐኪም

ይቅርታ፣ ረስቼው ነው። ጭልፊትም በዚያው ሕግ ውስጥ ነው፣ አይገደልም። ጫጩቶቹን በጉጉቷ እንዳታሳብቢ፤ ጭልፊት ቀን ነው የሚያድነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት በቅርጫት ክደኚያቸው ወይም መረብ ወጥሪላቸው። ዶሮ ስታርዱ አንጀቱን ግቢ ውስጥ አትጣዪ፣ የሚጠራው እሱ ነው። የጉጉቷ ጫጩቶች እኩል አለመሆናቸው ዕንቁላሉን በሁለትና በሦስት ቀን ልዩነት ስለምትጥል ነው። መታቀፍ የምትጀምረው ከመጀመሪያው ነው፣ ስለዚህ ታላቅና ታናሽ አሏቸው።

መልስ፦ የሂርማታዋ (ከሰባት ሳምንት በኋላ)

ለጠየቃችሁኝ፣ ሁሉም በረሩ። ሽቦውን ባለፈው እሑድ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ መታን። ላስቲኩ ላይ የተጠራቀመውን የአይጥ አጥንት ልጆቹ ቆጥረው አልጨረሱትም። አማቴ እንደዚያው ናቸው፣ ተመስገን አልባሰባቸውም። ማታ ማታ «ዛሬስ አልጮኸችም?» ይሉናል።

ባለቤቴ የአሜሪካውን ወሬ አንብቦ ግቢያችን ካለው አቮካዶ ላይ ሳጥን ሰቀለ። ጉጉቷ ዞር ብላም አላየችው። እርግብ ገባችበት። አሁን ደግሞ የዘረጋሁት ልብስ ላይ ነው የምትኮሰው። የጫካው ልጅ፣ እርግብስ በእኛ ሕግ እንዴት ናት?