አይጠየፍ አዳራሽ ቴአትር ይታይበት ወይስ ተቆልፎ ይጠበቅ?

የፒያሳው ልጅ፦
ሰላም የደሴ ልጆች። ትናንት ማኪያቶ ላይ የጀመርነው ክርክር እንቅልፍ ነሳኝ። ደሴ ደህና የቴአትርና የባህል አዳራሽ ያስፈልጋታል፤ እዚህ ላይ ጠብ የለንም። አንዱ ጓደኛዬ «አዲስ ከመገንባት የንጉሥ ሚካኤልን አይጠየፍ አዳራሽ ጠግነን መድረክ እናድርገው» አለ። ሌላው «ቅርስ ላይ ድምፅ ማጉያ ልትሰቅል?» ብሎ ሊያንቀው ምንም አልቀረው። እኔ ከመጀመሪያው ጋር ነኝ። እናንተስ?

ጡረተኛው መምህር፦
ልጄ፣ ቀስ በል። ንጉሥ ሚካኤል የነገሡት በ1906 ነው። ሁለት ዓመት ተኩል ሳይሞላቸው፣ ጥቅምት 1909፣ ሰገሌ ላይ ተሸንፈው ተማረኩ። ከዚያ ጣሊያን መጣ። ኅዳር 26 ቀን 1928 ደሴን በአውሮፕላን ሲደበድብ ጃንሆይ ራሳቸው ከተማችን ውስጥ ነበሩ። አዳራሹ ይህን ሁሉ አልፎ ነው እኛ እጅ የገባው። አሁን እናንተ ጥንታዊ እንጨት ላይ የመብራት ገመድ ልትዘረጉ! አንድ ቀን ኮረንቲ ቢነካካ አመድ ነው። እሱ ተቆልፎ ይጠበቅ፤ አዲሱን ሌላ ቦታ ሥሩ።

የመድረክ ልጅ፦
ጋሼ፣ እጅ ነስቼ ልከራከርዎት። ያ ቤት የግብር ቤት ነበር። ግብር ደግሞ መብል ብቻ አልነበረም። አዝማሪው ማሲንቆውን ይገዘግዛል፣ ጀግናው ይፎክራል። መድረክ አዲስ ነገር ሆኖ አይመጣበትም። ስሙንም አይርሱት። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ሳይጠያየፍ የሚበላበት ስለሆነ ነው አይጠየፍ የተባለው ሲሉን ነው ያደግነው። ዛሬም በወሎ ሰርግ ለሁለቱም ለየብቻ ታርዶ ሁሉም አንድ ደስታ ላይ ይቀመጣል አይደል?

«አዲሱን ሥሩ» ላሉት ግን ፈራሁ። አዲስ ሲባል የሚመጣውን አውቀዋለሁ፤ «ሁለገብ አዳራሽ» ነው። ወለሉ ሴራሚክ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ መድረኩ ለሦስት የክብር እንግዳና ለአንድ የአበባ ማስቀመጫ የሚበቃ። አንዱ ውስጥ የሙሽራ ሚና ተጫውቼ ነበር። ልብስ መቀየሪያ ስለሌለው ወንበር መጋዘን ውስጥ፣ ጓደኞቼ ነጠላ ጋርደውልኝ ነው የለበስኩት። ሦስተኛው ትዕይንት ላይ ዝናብ ጣለ። የደሴ ክረምት ነዋ! ቆርቆሮው ሲንጫጫ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ «አልዳርም!» እላለሁ። ከፊት የተቀመጡ አንዲት እናት ወደ ጎረቤታቸው ዞር ብለው «ተዳረች እንዴ?» አሉ። እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸው።

ኮምቦልቼው፦
ብርድና ዝናብ ካስቸገራችሁ እኛ ጋ አምጡት! 25 ኪሎ ሜትር ቁልቁለት ነው። ቀልዴን አይደለም። የኢንዱስትሪ ፓርኩ ከተከፈተ ከ2009 ጀምሮ ከተማው በወጣት ተሞልቷል። ከፈረቃ ሲወጣ ያለው ምርጫ ድራፍት ቤት ወይ ኳስ ማሳያ ነው። ተመልካቹ እዚህ ነው ያለው።

የፒያሳው ልጅ፦
አውሮፕላን ማረፊያውም ፋብሪካውም እናንተ ጋ ነው። ወንድሜ፣ ቴአትሯን እንኳ ተውልን እንጂ!

የሸዋ በሯ ነጋዴ፦
እኔ ቴአትር አላውቅም፤ ሒሳብ ግን አውቃለሁ። ጋሼ፣ «ይቆለፍና ይጠበቅ» ይላሉ። የደሴ ሙዚየም ተቆልፎ አልነበረም ወይ? በ2014 ጦርነት ምን ተረፈው? ወላሂ፣ ሰው የማይገባበትን ቤት መጀመሪያ የሚገባበት አይጥ ነው፤ ቀጥሎ ሌባ። ሰው እየገባ እየወጣ ከሆነ ጣሪያው ሲያፈስም ወዲያው ይታያል።

ጡረተኛው መምህር፦
የሙዚየሙን ነገር አታንሺብኝ እቴ፤ ያመኛል። እሺ፣ እዚያ ላይ ረታሽኝ። ግን ሁላችሁም የዘለላችሁት ነገር አለ። ጎንደር ፋሲለደስ፣ ጎጃም ግሽ ዓባይ የሚባል የኪነት ቡድን በነበራቸው ዘመን እኛ ላሊበላ ነበረን። ማሪቱ ለገሠን ያወጣት እሱ ነው። እሷን ሴራሚክ ወለል አላወጣትም! ድምፅ ያለው ልጅ ከገጠር ሳይቀር ይፈለግ ነበር፣ ልምምድ ነበር፣ በየከተማው መዞር ነበር። ከአራቱ ቅኝት ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ የእኛን አገር ስም ይዘው ዓለም ሲዘፍናቸው የደሴ ልጅ የሚማራቸው ከስልክ ላይ ነው። ቤቱን ብታገኙ ማንን ልታስገቡበት ነው? ደሞዝ ያለው ቡድን ከሌለ አይጠየፍም ሆነ አዲሱ አዳራሽ የስብሰባና የምርቃት ቤት ይሆናል።

የመድረክ ልጅ፦
ይሄ ነው ነገሩ ጋሼ! እኛ ሰባት ነን። ለልምምድ የምንከራየው የሰው ሳሎን ነው። ባለቤቷ እንግዳ ከመጣባት ልምምዱ ያበቃል። ማሲንቆ የሚጫወትልን ልጅ ጭራው እርጥበት ሲነካው ድምፁ ይበላሻል እያለ ክረምቱን ሙሉ ይነጫነጫል። አይጠየፍን ለትርኢት ብትፈሩ ለልምምድ ስጡን። ድምፅ ማጉያ አንሰቅልም፣ ተጨማሪ ገመድ አንዘረጋም። በቀን ብርሃን፣ በባዶ ጉሮሮ።

ጡረተኛው መምህር፦
በቀን ብርሃን ከሆነ... ምስማርም አትመቱም?

የመድረክ ልጅ፦
አንዲትም።

ኮምቦልቼው፦
ትርኢቱን ደግሞ ኮምቦልቻ!

የሸዋ በሯ ነጋዴ፦
አንተ ልጅ አሁንም አልተውክም? ለማንኛውም ማመልከቻውን ጻፉትና አምጡት፤ ሱቄ ላይ አስቀምጬ ፊርማ አሰባስባለሁ። ጋሼ፣ መጀመሪያ እርስዎ ነዎት የሚፈርሙት።

ጡረተኛው መምህር፦
መጀመሪያ አነበዋለሁ።