ለአንድ ስትራት ጊታር ከ2,000 ዶላር በላይ፦ ያወጣል ወይስ አያወጣም?

ሊድ ከአቶቴ
ሰላም ቤተሰብ። እስቲ አንድ ነገር ተከራከሩልኝ። እቁብ ደርሶኛል። ከጥር ሰርግ ካጠራቀምኩት ጋር ስደምረው አንድ ደህና ጊታር ይገዛል። አሜሪካ ያለችው የአክስቴ ልጅ ለፋሲካ ትመጣለች፣ "ይዤልህ እመጣለሁ" ብላለች። ልቤ ያለው የአሜሪካው ጊታር ሰሪ ፌንደር በ2022 ያወጣው አሜሪካን ቪንቴጅ ቱ ላይ ነው፤ የ1961ዱን ስትራቶካስተር (ስትራት የምንለውን) መልሶ የሚሰራው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጠራው።) ዋጋው ከ2,000 ዶላር በላይ ነው። በባንክ ምንዛሬ ብትመቱት ከ300 ሺህ ብር ያልፋል። አሁን የያዝኩት ኢንዶኔዥያ የተሰራ ስኩዋየር፣ የፌንደር ርካሽ ስሪት ነው፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰርግም ሆቴልም ተጫውቼበታለሁ። ባለቤቴ "ድምፁ በምን ይለያል?" ብላ ጠየቀችኝ፣ መልስ አጣሁ። እናንተ መልሱልኝ።

ጀማሪ ከታቦር
አያወጣም። እኔም ስኩዋየር ነው የያዝኩት፣ ክላሲክ ቫይብ። እሱም በድሮው መልክ የተሰራ ነው፣ እንደ ድሮው አልኒኮ የሚባል ማግኔት አለው፣ ዋጋው ግን የዚያኛው አንድ አምስተኛ ገደማ ነው። ኤሌክትሪክ ጊታር እኮ እንጨት፣ ስድስት ክርና ሦስት ፒካፕ ነው። የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ፒካፑም ማግኔት ላይ የተጠመጠመ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ነው። እዚህ ውስጥ 300 ሺህ ብር የሚያወጣው የቱ ጋ ነው? ጭንቅላቱ ላይ የተጻፈውን ስም ነው የምትገዛው ወንድሜ። በዚያ ብር ባጃጅ ላይ ድርሻ ብትገባ ይሻልሃል።

የድሮ ባንድ ሰው
ልጆች፣ ከመፍረዳችሁ በፊት ታሪኩን እወቁት። ሊዮ ፌንደር ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር፤ ጊታር መጫወት አይችልም። ስለዚህ ተጫዋቾቹን እየጠየቀ ነው የሰራው። ስትራቶካስተር በ1954 ሲወጣ ትሬሞሎ (ድምፁን የሚያወዛውዝ እጀታ) ያለው 249 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነበር። ያንን ወደ ዛሬ ዋጋ ብትመልሱት ከ2,500 ዶላር ይበልጣል። ስለዚህ ዋጋው አሁን የተፈጠረ አይደለም፣ ዕቃው ድሮም ርካሽ ሆኖ አያውቅም። ኋላ በ1965 ሲቢኤስ የሚባለው ድርጅት ኩባንያውን በ13 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ከዚያ በኋላ ምርት በዛ፣ አሰራሩ ግን ላላ። በሰባዎቹ ተጫዋቹ አዲሱን ትቶ አሮጌ ፍለጋ ሄደ። በ1982 ፌንደር ራሱ የ52ቱን ቴሌካስተር፣ የ57ቱንና የ62ቱን ስትራት መልሶ መስራት የጀመረው ለዚህ ነው። ሪኢሹ የሚባለው ነገር ከተጫዋች ጥያቄ የመጣ እንጂ የማስታወቂያ ፈጠራ አይደለም።

እኔ በደርግ ጊዜ ሆቴል ስጫወት ክር እንኳን አይገኝም ነበር። የሞተውን ክር በውሃ ቀቅለን፣ አድርቀን፣ መልሰን እንገጥመው ነበር። ጥሩ ዕቃ እጁ የገባለት ሰው አጨዋወቱ ሲቀየር በዓይኔ አይቻለሁ። ያወጣል።

የሳውንዱ ልጅ
ጋሼ፣ በታሪኩ እስማማለሁ። ግን ጥያቄው ሐዋሳ ላይ ነው የሚመለሰው። ሐይቅ ዳር ባሉት ሆቴሎች በሳምንት ሦስትና አራት ቀን ሚክሰር ላይ እቀመጣለሁ። ልንገራችሁ፣ ኪቦርዱ ግራና ቀኝ ሞልቶ፣ ድራሙ ችክችካውን እያወረደው፣ ቤዙ ከስር እየመታ የየትኛው ጊታር ድምፅ እንደሆነ እኔም አልለይም። አምፑ ይለያል። ስፒከሩ ይለያል። የፒካፑ ከፍታ ሳይቀር ይለያል። የቀለሙን ዓይነት ግን ከአዳራሽ ማንም አይሰማም።

ሌላም አለ፣ እሱም ኸም የምንለው እዝታ ነው። ሲንግል ኮይል ፒካፕ፣ እንደ ስትራቱ ባለ አንድ ጥምጥም የሆነው፣ አንቴና ነው። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው፣ እሱን ይለቅመዋል። ኧርዝ የሌለው ሶኬት ላይ ስትሰካ፣ ወይም መብራት ሄዶ ጄኔሬተር ሲነሳ፣ በዘፈን መሃል እዝዝዝ ይላል። በአዲሶቹ ስትራቶች የመሃሉ ፒካፕ በተቃራኒ ስለተጠመጠመ ሁለት ፒካፕ ስትቀላቅል ኸሙ ይጠፋል። የስልሳዎቹ ግን እንደዚያ አልነበረም። የድሮውን በትክክል የተከተለ ሪኢሹ ችግሩንም አብሮ ነው የሚያመጣልህ። እኔ ብሆን መጀመሪያ አምፕ ነበር የምገዛው።

ሊድ ከአቶቴ
አምፑንም ከአሜሪካ ላስመጣ እንዴ ታዲያ?

የሳውንዱ ልጅ
ተጠንቀቅ! የአሜሪካ አምፕ በ120 ቮልት ነው የሚሰራው። የእኛ 220 ነው። ያለ ትራንስፎርመር ሰካኸው ማለት አቃጠልከው ማለት ነው። ከዱባይ የሚመጣውን ፈልግ።

የመዘምራን ጊታር
እኔ ሁላችሁም የዘለላችሁትን ልናገር። ዘጠኝ ዓመት ነው መዘምራን ውስጥ ጊታር የምጫወተው። አንድ ወንድማችን ከውጭ ሲመለስ የ62ቱን ሪኢሹ ይዞ መጣና አምስት ወር እንድጫወትበት ሰጠኝ። ድምፁን ከአዳራሹ ጀርባ የሚሰማው ሰው ላይለየው ይችላል፣ እሺ። እጄ ግን ለየው። አንገቱ ይሞላል፣ ጠርዙ የተለሰለሰ ነው፣ ፍሬትቦርዱ (ጣት የሚያርፍበት የአንገቱ ፊት) ክብ ስለሆነ ባሬ ኮርድ (በአንድ ጣት ሁሉንም ክር መጫን) ለአንድ ሰዓት ይዤ እጄ አይደክምም። ቮልዩሙን ወደ ስድስት ዝቅ ሳደርገው ድምፁ አይታፈንም፣ ይለሰልሳል እንጂ። በጸሎት ሰዓት፣ ድራምና ኪቦርዱ ዝም ብለው አንድ ጊታር ብቻ ከስር ሲቀር፣ ያ ነገር ወርቅ ነው። በራሴ ጊታር ያንን ሰዓት ስፈራው ነው የኖርኩት፤ በእሱ ግን ሳልፈራ ነው የምጫወተው። ይሄ ዋጋ የለውም ልትሉኝ አትችሉም።

ጀማሪ ከታቦር
እህቴ፣ ግን ያ የዋጋው ነው ወይስ በደንብ የተስተካከለ ጊታር መሆኑ? የአብዛኞቻችን ጊታር ከሳጥኑ ከወጣ ጀምሮ ሴትአፕ (ማስተካከያ) ተደርጎ አያውቅም።

የመዘምራን ጊታር
ተገቢ ጥያቄ ነው። ለይቼ አላውቀውም። ሲመጣ ተስተካክሎ ነው የመጣው።

ጥገና ቤት አሮጌ ገበያ
ልጁ ልክ ነው። ለጥገና ከሚመጡልኝ ጊታሮች ብዙዎቹ ክሩ ከፍሬቱ (አንገቱ ላይ ከተደረደሩት ብረቶች) በጣም የራቀ፣ ነቱ (ክሩ ጭንቅላቱ ጋ የሚያርፍበት) በደንብ ያልተቆረጠ፣ ፍሬቱ የተቦረቦረ ነው። ባለቤቱ "ጊታሬ ርካሽ ስለሆነ ነው" ይላል። ሁለት ሰዓት ሰርቼበት ስመልስለት ሌላ ጊታር የሰጠሁት ይመስለዋል።

አሁን ስለ ሪኢሹ ከሚሰራበት ሰው ስሙ። የድሮው ፌንደር ፍሬትቦርድ ክበቱ (የጉብጠቱ ራዲየስ) 7.25 ኢንች ነው። የዛሬዎቹ ብዙ ጊዜ 9.5፣ ማለት ጠፍጠፍ ያሉ ናቸው። 7.25 እህታችን እንዳለችው ለኮርድ ይመቻል። ግን ሊድ ስትጫወት፣ ከ12ኛው ፍሬት በላይ ክሩን ጎትተህ ድምፁን ልታወጣ ስትል፣ ክሩ ዝቅ ተደርጎ ከተስተካከለ ላይኛው ፍሬት ላይ ይነካና ድምፁ ይታነቃል። የእኛ አጨዋወት ደግሞ መሳብና ማንሸራተት ይበዛዋል፣ ትዝታም ሆነ አንቺሆዬ ስትጫወት ማሲንቆውን ለመምሰል ትጎትተዋለህ። ስለዚህ ክሩን ትንሽ ከፍ ማድረግ ግድ ነው።

ሁለተኛው የበለጠ ያናድዳል። የአንገቱን መጉበጥ የሚቆጣጠረው ብረት፣ ትረስ ሮድ የምንለው፣ ዘመናዊው ላይ ከጭንቅላቱ በኩል ነው የሚጠበቀው፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ድሮውን በተከተለው ላይ ግን መፍቻው ያለው ከታች፣ አንገቱ ገላው ውስጥ በሚገባበት ቦታ ነው። ክሩን አላልቶ፣ አራቱን ብሎን ፈትቶ፣ አንገቱን አንስቶ፣ በግምት አዙሮ፣ ገጥሞ፣ ቃኝቶ ማየት ነው። አልሆነም? እንደገና። እንጨት ደግሞ ከአየሩ ጋር ይንቀሳቀሳል። ከበጋ ወደ ክረምት ስንገባ እርጥበቱ ሲጨምር አንገት ሲንቀሳቀስ በየዓመቱ አያለሁ። በዓመት ሁለቴ እኔ ጋ መምጣትህ ነው። ለእኔ ገበያ ነው፣ ለአንተ ግን ወጪ።

ቤዝ 5
ቀለሙስ? ናይትሮ ናይትሮ ይላሉ።

ጥገና ቤት አሮጌ ገበያ
ናይትሮ የድሮው ቀለም ነው፣ ስስ ነው። በጊዜ ይሰነጣጠቃል፣ ይላጣል፣ አንዳንዱ መስቀያ ላስቲክ ላይ ካሳደርከው ቀለሙን ይበላዋል። የዛሬው ፖሊ ግን ቢወድቅም ይችላል። እንጨቱን "ያስተነፍሰዋል" የሚሉት ወሬ አያሳምነኝም። ውበቱ ግን ውበት ነው፣ እሱን አልክድም።

ቤዝ 5
እንግዲህ እኔን የሚያበሳጨኝ ሬሊክ የሚሉት ነው። ከ1995 ጀምሮ ፌንደር አዲሱን ጊታር ፍቆ፣ አዝጎ፣ 50 ዓመት የተሰራበት አስመስሎ ይሸጣል። ያንን ደግሞ በበለጠ ዋጋ! ጭረቱ የጊታሪስቱ ነው። የእኔ ቤዝ ላይ ያለው እያንዳንዱ ጭረት የት እንደመጣ አውቃለሁ፤ አንዱ ሻሸመኔ ሰርግ ላይ፣ አንዱ ዲላ መንገድ ላይ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ተጭኖ። የሌላ ሰው ኑሮ ገዝቼ አልሸከምም።

ገንዘቡን ግን በሌላ ዓይን እዩት። ሐምሌ 2016 በእኛ አቆጣጠር ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት 100 ብር አለፈ። ያኔ ብሩን ባንክ ያስቀመጠና ጊታር የገዛ ሰው፣ ማን ተጠቀመ? ጥሩ ፌንደር ዶላር ማለት ነው።

ጀማሪ ከታቦር
ዶላር የሚሆነው የሚገዛህ ሲኖር ነው። ዋጋው የሚወጣው የዋናው ነው፣ የ1959ኙ የጊብሰን ሌስ ፖል በመቶ ሺዎች ዶላር የሚሸጠው በቁጥር ትንሽ ስለሆነ ነው። ሪኢሹ ግን ነገም ይሰራል። ከሱቅ ስታወጣው ያገለገለ ሆነ፣ ዋጋው ወረደ። ደግሞ ሐዋሳ ላይ በ300 ሺህ ብር ያገለገለ ጊታር ማን ይገዛሃል?

ቤዝ 5
አዲስ አበባ ይሸጣል።

የድሮ ባንድ ሰው
ስለ መሸጥ ምን አስወራችሁ? ልጁ ሊጫወትበት ነው የጠየቀው። አይቤክስ ኋላም ሮሃ ባንድ ላይ ሰላም ስዩም ሊድ ሲጫወት በካሴት ሰምታችኋል። ያ ድምፅ ከእጅ ነው የመጣው፣ አዎ፤ ግን እጅም የሚሰማው ዕቃ ይፈልጋል።

የሳውንዱ ልጅ
በወሬ ከምንጨርሰው እንሞክረው። ቅዳሜ 9 ሰዓት ልምምድ ቤቱ ክፍት ነው። እህታችን ያንን ሪኢሹ ተዋሽልን። አቶቴ፣ አንተ ስኩዋየሩን አምጣ። ሁለቱም ላይ አዲስ ክር፣ አንድ ዓይነት ቁጥር። አንድ አምፕ፣ አንድ ኬብል። መሃል ላይ መጋረጃ።

ሊድ ከአቶቴ
እሺ። ባለቤቴንም ይዤ እመጣለሁ፣ ጥያቄው የእሷ ነው።

የሳውንዱ ልጅ
ትናንት ለቀራችሁት ልንገራችሁ። መጀመሪያ አቶቴ ከድራምና ከቤዝ ጋር አስር ጊዜ ተጫወተ፣ ባለቤቱ ከመጋረጃው ወዲህ ሆና ገመተች። አራቱን አገኘች። በሳንቲም ብንጥለውም ያው ነው። ከዚያ ብቻውን፣ ቀስ ብሎ፣ ትዝታ ተጫወተ። ከአስር ስምንቱን አገኘች! ጋሼ ሳቁ። ከዚያ ጥገና ቤት ስኩዋየሩን ተቀብሎ ፒካፖቹን ወደ ታች አወረዳቸው፣ ክሩን አስተካከለ፣ ግማሽ ሰዓት ፈጀበት። አቶቴ እንደገና ብቻውን ተጫወተ። ስድስት። ጋሼ ግን ብቻውን የተጫወተውን አስሩንም ለዩ፣ ሁለቱንም ጊዜ።

የድሮ ባንድ ሰው
የኖታው መጨረሻ ላይ ነው የሚለየው። ሲጀምር አይደለም፣ ሲያልቅ።

ሊድ ከአቶቴ
ማታውን አልተኛሁም። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሪኢሹን በእጄ ስይዘው እህቴ ያለችው ነገር ገባኝ፣ አልዋሽም፤ አንገቱ እጄ ውስጥ ሲገባ መመለስ ከበደኝ። ግን ስራዬ ከአስሩ ዘጠኙ ከድራም ጋር ነው፣ እዚያ ማንም አልለየውም። ለጊዜው የአክስቴ ልጅ አንድ ሙሉ ጥሩ ፒካፕና ሁለት ደርዘን ክር ታምጣልኝ። ፍሬቱን አስቀይራለሁ። አምፕ ከዱባይ አስመጣለሁ። ከእቁቡ ከግማሽ በላይ ይተርፋል።

የድሮ ባንድ ሰው
ተሳስተሃል ልጄ። በጥገና ይሆናል ብለህ ሦስት ዓመት ትቆያለህ፣ ከዚያም ያንኑ ትገዛለህ፣ በእጥፍ ብር። ብቻህን የምትጫወትባት ያቺ አንዷ ስራ ናት ስምህን የምታወጣው።

የመዘምራን ጊታር
እኔም ከጋሼ ጋር ነኝ። ግን ፍሬቱን ካስቀየርክ በኋላ አሰማኝ።

ጥገና ቤት አሮጌ ገበያ
ሰኞ ጠዋት አምጣው። ክሩን እንዳታላላው፣ አንገቱን እንደተወጠረ ነው ማየት የምፈልገው።