ከአቦል በኋላ እንግሊዝኛው ይጠፋብናል
ደብረ ማርቆስ ባለ የቋንቋ ትምህርት ቤት ቅዳሜ ከሰዓት እንግሊዝኛ መለማመጃ የቡና ፕሮግራም አለን፤ 24 ተማሪ፣ 60 ደቂቃ። ሁሉም ክብ ሠርተው ሲቀመጡ አንዱ ሲያወራ 23ቱ ይሰማሉ፤ ለአንድ ሰው ቢበዛ 2 ደቂቃ ተኩል ይደርሰዋል። ስለዚህ አራት አራት አድርገን የጥያቄ ካርድ ሰጠን። እስከ አቦል ጥሩ ነው። ሲኒው ሲዞር አንዱ «ስኳር አቀብለኝ» ይላል፣ ከዚያ ወሬው በአማርኛ ይቀጥላል። አማርኛ ለተናገረ 2 ብር ስንቀጣ ጀማሪዎቹ ጭራሽ ዝም አሉ፤ ፕሮግራሙ ደግሞ በዋናነት ለእነሱ ነው። የቡና ሰዓት አባባሎችን በእንግሊዝኛ ሰሌዳ ላይ መጻፉ ለስኳሩ ረድቷል፣ ለጨዋታው ግን አልበቃም። ጀማሪው ካልተናገረ ቡድኑ ሊጨርሰው የማይችል፣ ከቶና እስከ በረካ የሚያቆይ ምን ዓይነት ሥራ ብንሰጣቸው ይሻላል?