ኮንኮርድን የጣለው «ቁራጭ ላሜራ» ብቻ ነው?

ዳዊት ዘገርጂ፦
ዛሬ ጠዋት ታክሲ ውስጥ ሬዲዮ ተከፍቶ ነበር። ስለ ኮንኮርድ፣ ከድምፅ ይፈጥን ስለነበረው የመንገደኛ አውሮፕላን፣ አደጋ ያወራሉ። አቅራቢው ሲጨርስ «አንዲት ቁራጭ ላሜራ 113 ሰው ጨረሰች፤ ነገሩም በዚያው ተዘጋ» ብሎ ወደ ማስታወቂያ ሄደ። እስካሁን ንዴቴ አልበረደም። ሐምሌ 18 ቀን 1992 ዓ.ም. ከፓሪስ ተነስቶ፣ ሁለት ደቂቃ እንኳን ሳይበር ጎኔስ ላይ የተከሰከሰው አውሮፕላን እኮ ጎማው ሲፈነዳ የመጀመሪያው አይደለም። በ24 ዓመት ውስጥ ኮንኮርዶች ላይ 57 ጊዜ የጎማ ችግር ተመዝግቧል። 57! ይሄን ትቶ ላሜራ ላሜራ ማለት ምን የሚሉት ነው?

ኪሩቤል፦
ዳዊት፣ ሰውየው ምን አጠፋ? የፈረንሳዩ የአደጋ መርማሪ ቢሮ፣ ቢኢኤ፣ በ2002 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት ያለው እኮ ይሄንኑ ነው። 5 ደቂቃ ቀድሞ የተነሳ የአሜሪካው አየር መንገድ የኮንቲኔንታል ዲሲ-10 አውሮፕላን ከሞተሩ ሽፋን ላይ የታይታኒየም ቁራጭ ጣለ። 43 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። የኮንኮርዱ የግራ ጎማ ረገጠው። ጎማው ተተረተረ። 4.5 ኪሎ የሚመዝን የጎማ ቁራጭ ተወርውሮ የነዳጅ ታንኩን ከሥር መታው። ነዳጅ፣ እሳት፣ አለቀ። ላሜራዋ ባትኖር እነዚያ ሰዎች ኒውዮርክ ይገቡ ነበር።

ዳዊት ዘገርጂ፦
«ላሜራዋ ባትኖር»። እሺ፣ በ1979 እ.ኤ.አ. ዋሽንግተን ላይ ላሜራ ነበረች? የወደቀው አውሮፕላን ባለቤት የኤር ፍራንስ ሌላ ኮንኮርድ ሲነሳ ጎማው ፈንድቶ ስብርባሪው ክንፉን በሳው፣ ነዳጅ ፈሰሰ። እግዚአብሔር ሲያተርፋቸው እሳት አልያዘውም። በ1981 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ፣ ኤንቲኤስቢ፣ ለፈረንሳዮቹ ደብዳቤ ጽፎ አሳስቧል። ከ57ቱ ውስጥ 6 ጊዜ ታንኩ ተበስቷል፤ ይሄ ያው ቢኢኤ ራሱ የቆጠረው ነው። እያወቁ አበረሩት።

አቤል፦
የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ስለ ፓይለቶቹ ለምን አናወራም? አውሮፕላኑ ከ185 ቶኑ ጣሪያ አንድ ቶን ገደማ አልፏል። ነፋሱ 8 ኖት (በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ገደማ) ከኋላ ነበር። ካፒቴኑ ከተቀመጠው ፍጥነት 15 ኖት ቀድሞ አፍንጫውን አነሳ። ኢንጂነሩ ደግሞ ገና ከመሬት ብድግ እንዳሉ ሁለተኛውን ሞተር ዘጋ። መመሪያው 400 ጫማ ድረሱ ይላል። እነዚህ ሁሉ የሰው ስህተት ናቸው።

ሰናይት ከፍራንክፈርት፦
አቤል፣ ሙታንን ከመክሰስህ በፊት ቆም በል። ጎማው ሲፈነዳ 175 ኖት ደርሰዋል። ማቆም የሚቻለው እስከ 150 ብቻ ነው። ወደ ግራ ተስቦ የመንደርደሪያውን ጠርዝ መብራት መትቷል። እዚያው አጠገብ የያኔው የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ሺራክ የነበሩበት 747 አውሮፕላን ቆሟል፣ ከጃፓን ገና መግባቱ ነው። አፍንጫውን ባያነሳ ወዴት ሊሄድ ነበር? ከማማው «ከኋላችሁ እሳት አለ» ተባሉ። በቅርብ ያለው የሌ ቡርዤ አውሮፕላን ማረፊያ ለማረፍ እየሞከሩ ነው የሞቱት። እኔ ሰውየውን ጀግና ነው የምለው።

አቤል፦
ጀግና መሆኑ ከስህተት አያድነውም። ሞተሩን ስለመዝጋት ግን አልመለሽልኝም።

ሰናይት ከፍራንክፈርት፦
ሪፖርቱ መልሶልሃል። አራቱም ሞተር ሙሉ ኃይል ቢሰጥ እንኳን እሳቱ ክንፉን እየበላው ስለነበር አይተርፉም ነበር ይላል። ወንድሜ፣ እኔ እዚህ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው የምሠራው። ከ100ው ተሳፋሪ 96ቱ ጀርመኖች ነበሩ። ኒውዮርክ ላይ መርከብ ይጠብቃቸዋል። አብዛኞቹ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰዎች ናቸው። ከሞንሸንግላድባህ ብቻ 13 ሰው ሞቷል። አንዲት የምንከባከባት እናት የቅርብ ጓደኛዋን ያጣችው በዚያ በረራ ነው። ጓደኛዋ ከመሄዷ በፊት የሰጠቻት የመስኮት አበባ አሁንም አለ። ሰኞ ሰኞ ውሃ የማጠጣላት እኔ ነኝ። ለሷ «ኢንጂነሩ ሞተር ዘግቶ ነው» ብዬ ልንገራት?

ጋሽ ምንዳ፦
ልጆች፣ ለ31 ዓመት አውሮፕላን ጥገና ላይ የሠራሁ ሰው ነኝ፣ ትንሽ ልናገር። መጀመሪያ «ጎማው ታንኩን በሳው» የምትሉትን አስተካክሉ። ጎማው አልበሳውም። ታንኩ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ከሥር ሲመታ ነዳጁ መሸሻ አጣ፤ ግፊቱ በውስጡ ሄዶ ከሌላ ቦታ ወደ ውጭ ፈነቀለው። 30 በ30 ሳንቲ የሆነ የታንኩ ቆዳ መንደርደሪያው ላይ ተገኝቷል። አፉ ድረስ የሞላ ጀሪካን በዱላ ምቱ፣ ከዚያ ግማሽ የሆነውን ምቱ። ያኔ ይገባችኋል። መኪና ቢሆን ሰልባትዮው ተሰነጠቀ የምንለው ማለት ነው። ይሄ አንድ።

ሁለተኛ፣ ስለ ስፔሰሩ ማንም አላነሳም። ከአደጋው ሳምንት ቀደም ብሎ የግራውን የጎማ እግር ሲጠግኑ፣ በኩሽኔታዎቹ መካከል የሚገባውን ስፔሰር ሳይመልሱት ዘጉት። ከአደጋው በኋላ ቢፈለግ የለም። አንዳንድ የቀድሞ የኮንኮርድ ሰዎች አውሮፕላኑ ወደ ግራ የተሳበው በሱ ነው ይላሉ። ቢኢኤ ደግሞ ጎማው እስኪፈነዳ ድረስ ፍጥነቱም አካሄዱም ደህና ነበር፣ ስፔሰሩ አደጋው ላይ ድርሻ የለውም ብሎ ዘግቶታል። እኔ በዚህ አልከራከርም። ግን የሚያመኝ ነገር አለ። በኛ ጊዜ ፈረቃ ሲያልቅ መሣሪያ ይቆጠራል። አንዲት ካቻቢቴ ብትጎድል አውሮፕላኑ አይነቃነቅም። አንድ ሌሊት አንዲት የ10 ቁልፍ ጠፍታ እስኪነጋ ስንፈልግ አድረናል። በመጨረሻ ያገኘናት የልጁ ቱታ ኪስ ውስጥ ነው። እንዲህ ባለ ሥራ ስፔሰር ተረስቶ አውሮፕላን ተሳፋሪ ጭኖ ሲነሳ፣ ድርሻ ኖረውም አልኖረውም፣ ቤቱ ውስጥ የሆነ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው።

ኪሩቤል፦
ጋሽ ምንዳ አከብርዎታለሁ። ግን እርስዎ ራስዎ «ድርሻ ኖረውም አልኖረውም» ካሉ ስለ ምክንያት አይደለም የሚያወሩት። ምክንያት ማለት ያለሱ ነገሩ የማይሆን ማለት ነው።

ጋሽ ምንዳ፦
አንተ ልጅ፣ ምክንያት አንድ ብቻ የሚሆንበት የአውሮፕላን አደጋ እስቲ ጥራልኝ። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል። ላሜራዋ ውሻዋ ናት። አጥሩን ሳር አድርጎ ያጠረውን ግን ማን ይጠይቀው?

ቤዛ፦
እኔ ቢኢኤ የሚባለውን ስሰማ ደሜ ይፈላል። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ቢሾፍቱ አጠገብ 157 ሰው ያለቀበትን የኛን ኢቲ 302 ታስታውሳላችሁ። ጥቁሩ ሳጥን የተነበበው እነሱው ጋ ፓሪስ ነው። በኋላ የኛ መርማሪዎች የመጨረሻውን ሪፖርት ሲያወጡ ቢኢኤ ተነስቶ «የፓይለቶቹ ድርጊት በቂ ትንተና አልተደረገበትም» አለ። በራሳቸው አውሮፕላን ሲሆን ፓይለቱ ንጹሕ፣ ጥገናው ንጹሕ፣ ጥፋተኛው የአሜሪካ ላሜራ። በኛ ሲሆን ፓይለቱ ይመርመር። ይሄ ፍትሕ ነው?

ኪሩቤል፦
አታምታቺ። ቢሾፍቱ ላይ ቢኢኤ የወደቀውን የቦይንግ 737 ማክስ ችግር አልካደም። የአነፍናፊውን የተሳሳተ ንባብም፣ አፍንጫውን ወደ ታች የሚገፋውን ኤምካስ የተባለ ሲስተምም ተቀብሏል። የጎደለ ነገር አለ ነው ያለው። አሜሪካኖቹም ያንኑ ብለዋል።

ቤዛ፦
አሜሪካኖቹማ ቦይንግ የማን ሆነና! የኢንዶኔዥያው ላየን ኤር ማክስ በወደቀ በአምስተኛው ወር ነው የኛ የወደቀው። 189 ሰው ሞቶ እያወቁ አላቆሙትም። ልክ ዳዊት እንዳለው። እያወቁ አበረሩት።

አቤል፦
ወደ ኮንኮርድ እንመለስ በናታችሁ።

ቤዛ፦
አልመለስም። እህቴ የዚያን ቀን ሌላ በረራ ላይ አስተናጋጅ ነበረች። ስልኳ እስኪነሳ የነበረውን 40 ደቂቃ እኔ ነኝ የማውቀው። ከዚያ ወዲህ የአደጋ ሪፖርት ሳነብ ማን እንደጻፈው ነው መጀመሪያ የማየው።

ዳዊት ዘገርጂ፦
ቤዛ፣ ያነሳሽው ነገር ኮንኮርድም ላይ አለ እኮ። ኮንኮርድ የእንግሊዝም የፈረንሳይም ሥራ ነው። እንግሊዞቹ መርማሪዎች አንዳንድ ማስረጃዎችን እንዳይመረምሩ የፈረንሳይ ፍትሕ አካላት እንደከለከሏቸው በቅሬታ ጽፈዋል። ቅሬታው ከሪፖርቱ ጋር ተያይዟል። የወንጀል መርማሪ ዳኛና የደህንነት መርማሪ በአንድ ብረት ላይ ሲሻሙ እውነት የት ይደርሳል?

ኪሩቤል፦
ቅሬታው ስለ አሠራሩ ነው። ላሜራዋ ጎማውን አልቆረጠችም የሚል ቃል የለበትም።

ሰናይት ከፍራንክፈርት፦
ስለ ፍርድ ቤቱ ካነሳችሁ ግን ይሄ እኔን ያበሳጨኛል። በ2010 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ፖንቱዋዝ ያለው ፍርድ ቤት ኮንቲኔንታልን 200 ሺህ ዩሮ ቀጣ። ሂዩስተን ላይ ላሜራዋን የገጠማትን ሜካኒክ ደግሞ 15 ወር በገደብ ፈረደበት። የኮንኮርድ ፕሮግራም ኃላፊ የነበሩትና የፈረንሳይ ሲቪል አቪዬሽን ሰው ነጻ ወጡ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው። 57 ጊዜ ያዩት ሰዎች ነጻ፣ አንድ ሪቬት የመታ ሜካኒክ ወንጀለኛ።

ጋሽ ምንዳ፦
ሜካኒኩ ልክ አልሠራም ልጄ። ብረቱ ታይታኒየም መሆን አልነበረበትም፣ አገጣጠሙም ከመመሪያው ውጭ ነው። እሱን እኔ አልሸፍንለትም። ግን ወንጀለኛ ማለት ሌላ ነው። ሜካኒክ ሲሳሳት እስር ቤት ከላክኸው፣ የሚቀጥለው ሜካኒክ ስህተቱን ደብቆ ነው የሚሄደው። የ10 ቁልፏ የጠፋችበት ልጅ ቢፈራ ኖሮ «ጠፋችብኝ» ባላለ ነበር። አፉን ከፍቶ ስለተናገረ ነው ሌሊቱን የፈለግናት።

ኪሩቤል፦
የ2012 እ.ኤ.አ.ውን ግን አልተናገራችሁም። ቬርሳይ ላይ ይግባኝ ሰሚው የወንጀል ፍርዱን ሽሮታል። የሜካኒኩንም የኩባንያውንም። የካሳ ኃላፊነቱ ብቻ ነው ኮንቲኔንታል ላይ የቀረው። ስለዚህ ማንም አልተሰዋም።

ሰናይት ከፍራንክፈርት፦
12 ዓመት ስምህ በ113 ሰው ሞት ሲነሳ ቆይቶ «አልተሰዋም»? ይሄንን ቃልህን አንሳ።

ኪሩቤል፦
አላነሳም። እስር አልገባም ነው ያልኩት።

ዳዊት ዘገርጂ፦
«አልተሰዋም» ነው ያልከው። ከላይ ተጽፏል።

አቤል፦
አንድ ነገር ልጨምር፣ ለዳዊት የሚጠቅም ነው። የዚያን ቀን ከሰዓት መንደርደሪያው መፈተሽ ነበረበት። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ልምምድ ነበረ ተብሎ አልተፈተሸም።

ኪሩቤል፦
ላሜራዋ የወደቀችው እኮ ኮንኮርዱ ከመነሳቱ 5 ደቂቃ በፊት ነው። ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ቢፈትሹ ያልወደቀች ላሜራ ከየት ያገኟታል? እንዲህ ዓይነቱን ነው ማጋነን የምለው። ያገኛችሁትን ሁሉ ትደርባላችሁ።

አቤል፦
እሺ፣ እዚህ ላይ ልክ ነህ።

ዳዊት ዘገርጂ፦
እኔም በዚህ አልከራከርህም። አንድ ነገር ግን መልስልኝ። ከአደጋው በኋላ ታንኮቹን ከውስጥ በኬቭላር ሸፈኗቸው። ሚሽሊን አዲስ ጎማ ሠራ። በኅዳር 2001 እ.ኤ.አ. መንገደኛ ጭኖ ተመለሰ። ዓመት ከጥቂት ወር ነው የፈጀባቸው። ሰው ከሞተ በኋላ በ16 ወር የተሠራ ነገር፣ ከ1979 ጀምሮ በ21 ዓመት ያልተሠራው ለምንድነው? ጎኔስ አውሮፕላኑ የወደቀበት ሆቴል ውስጥ የነበሩት 4 ሟቾች ኮንኮርዱ ላይ እንኳን አልተሳፈሩም። እነሱን ላሜራ ነው የገደላችሁ ልበላቸው?

ጋሽ ምንዳ፦
ገንዘብ ነው ልጄ። 14 አውሮፕላን ብቻ ነው መንገደኛ የጫነው። ለ14 አውሮፕላን አዲስ ጎማ ማን ይፈለስፋል?

ኪሩቤል፦
ከአደጋው በፊትም እኮ ዝም አላሉም ጋሽ። ከዋሽንግተኑ በኋላ ጎማውም፣ የጎማ ግፊት መቆጣጠሪያውም ተሻሽሏል። የፍንዳታው ቁጥርም ቀንሷል። 57 ስትሉ ይሄን አትናገሩም።

ዳዊት ዘገርጂ፦
ጎማውን አሻሻሉ። ታንኩንስ?

ኪሩቤል፦
እኔም አንድ ጥያቄ አለኝ፣ ከጠዋት ጀምሮ ማንም አልመለሰልኝም። ሐምሌ 18 ቀን ላሜራዋ መንደርደሪያው ላይ ባትኖር አውሮፕላኑ ይወድቅ ነበር? አዎ ወይም አይ በሉኝ።

ዳዊት ዘገርጂ፦
መጀመሪያ ስለ ታንኩ አንተ መልስ።

ኪሩቤል፦
አዎ ወይም አይ?

ቤዛ፦
ጋሽ ምንዳ፣ የ10 ቁልፍ የጠፋበት ልጅ ምን ሆነ? ተቀጣ?

ጋሽ ምንዳ፦
አልተቀጣም። እኔ ነበርኩ።