ለኮምፒውተር ጥጌ መብራት እንዴት ልሳብ? ኬዙም ይነዝረኛል

የማታ ጸሐፊ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። የመኝታ ቤቴን አንድ ጥግ የሥራ ቦታ አድርጌዋለሁ። ኮምፒውተር፣ ሁለት ስክሪን፣ ራውተርና ሌዘር ፕሪንተር አለኝ። ክፍሉ ግን ያለው ሶኬት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በሩ ጋ። ከዚያ በኤክስቴንሽን ስቤ ጫፉ ላይ ሌላ ኤክስቴንሽን ሰክቻለሁ። የተረፈውን ገመድ ጠቅልዬ ጠረጴዛው ሥር አስቀመጥኩት፤ ስነካው ይሞቃል። ደግሞ በባዶ እግሬ ሆኜ ኬዙን (የኮምፒውተሩን የብረት ሳጥን) ስነካ ጣቴን ንዝር ያደርገኛል። ሦስተኛ ኤክስቴንሽን ልጨምር?

ሽቦ ዘርጊ፦
ኧረ በፍጹም! መጀመሪያ ንዝረቱን እንይ፤ ከሁሉም ያሳሰበኝ እሱ ነው። ፓወር ሰፕላዩ (ለኮምፒውተሩ መብራት የሚያከፋፍለው ክፍል) ውስጥ ረብሻ የሚያጣሩ ትንንሽ ካፓሲተሮች አሉ። ጥቂት ከረንት ወደ ኬዙ ያሳልፋሉ፤ እሱ በኧርዝ (ወደ መሬት በሚወርደው የመከላከያ ሽቦ) መውረድ ነበረበት። ኧርዝ ከሌለ ኬዙ ላይ ይቀራል። መስመሩ 220 ቮልት ከሆነ 110 ገደማ ልትለካ ትችላለህ። ከረንቱ ትንሽ ስለሆነ ነዝሮ ይለቅሃል። ግን አንድ ቀን ፌዙ (ከረንት የሚያመጣው ሽቦ) ራሱ ኬዙን ቢነካ፣ ብሬከሩን የሚጥልልህ ኧርዙ ነበር። እሱ ከሌለ መንገዱ አንተ ነህ። የኤክስቴንሽኖቹን ስፒና እስቲ እየው፤ የኧርዝ እግር አላቸው?

የማታ ጸሐፊ፦
አየሁት። ሁለተኛው የለውም። አንድ ጓደኛዬ ደግሞ «ሶኬቱ ውስጥ ኒውትራሉን (ከረንቱን የሚመልሰውን ሽቦ) እና ኧርዙን አገናኛቸው፣ ይቆማል» አለኝ።

ሽቦ ዘርጊ፦
እባክህ እንዳትሞክረው! ንዝረቱ ይቆማል፤ ግን ከሶኬቱ ወደ ኋላ ኒውትራሉ የተበጠሰ ቀን ኬዙ ሙሉ 220 ይሸከማል። ሰው የሚገድል ሥራ ነው። ኧርዙን የውኃ ቧንቧ ላይም አትሰር፤ ቧንቧ የነካን ሁሉ ኤሌክትሪክ ሊይዘው ይችላል።

ጠረጴዛ ሥር፦
ስለ ሙቀቱ እኔ ልበል። የተጠቀለለ ገመድ ሙቀቱን ማስወጣት አይችልም፤ ዛሬውኑ ፍታው። ኮምፒውተሩና ስክሪኖቹ ብዙ አይበሉም፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ500 ዋት በታች ናቸው። ፕሪንተሩ ግን ሲሞቅ ለአፍታ 1000 ዋት ሊደርስ ይችላል። ከረንት እጥፍ ሲሆን የገመዱ ሙቀት አራት እጥፍ ነው። የላላ ሶኬት ደግሞ ከገመዱም ይብሳል። የእኔ የጠቆረው ስፒናው የሚገባበት ቦታ ላይ ነበር። መጀመሪያ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ፤ ስነቅለው አንዱ እግር ቡናማ ሆኗል። ስፒናህን ነካ ነካ እያደረግህ ፈትሸው።

የማታ ጸሐፊ፦
ፈታሁት። ታዲያ ዘላቂው መፍትሔ ምንድን ነው?

ሽቦ ዘርጊ፦
ኤሌክትሪሺያን ጠርተህ ከብሬከር ሳጥኑ ራሱን የቻለ መስመር አስስብ። 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ፣ ፌዝ፣ ኒውትራልና ኧርዝ፣ ከ16 አምፔር ብሬከር ጋር። 30 ሚሊ አምፔር ሲያፈስ የሚቆርጥ መከላከያም አስጨምር። ጠረጴዛው ጋ አምስት ሶኬት ቢወጣልህ ኤክስቴንሽን አያስፈልግህም። ሲጨርስ ኧርዙን በመሣሪያ ለክቶ ያሳይህ፤ ሦስት ቀዳዳ ያለው ሶኬት ሁሉ ከኋላው ኧርዝ ታስሮለታል ማለት አይደለም። እስከዚያ ባለ ኧርዝ አንድ ኤክስቴንሽን ብቻ ተጠቀም፣ ዘርግተህ፤ ምንጣፍ ሥር ግን አይግባ።

ጠረጴዛ ሥር፦
ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) ከገዛህ ፕሪንተሩን ባትሪው ላይ አትሰካው፤ ከአቅሙ በላይ ይሆንበታል።

የማታ ጸሐፊ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ሁለተኛውን ኤክስቴንሽን ነቅዬዋለሁ፤ ጠረጴዛውን ወደ በሩ አስጠጋሁት። አሁን ኬዙ አይነዝርም። ለኤሌክትሪሺያንም ደውያለሁ፤ ቅዳሜ ይመጣል።