ቆለኛ ነህ ተብዬ ቤት ተከለከልኩ፤ ይህ ጭፍን ጥላቻ ነው?

ጥያቄ፦ የሸዋ ሮቢት ልጅ ነኝ፤ ሥራ አግኝቼ ደብረ ብርሃን ወጣሁ። አንዲት እናት ክፍል አሳይተውኝ፣ ቁልፉን እጄ ላይ ካስቀመጡ በኋላ አገሬን ጠየቁኝ። ስነግራቸው መልሰው ወሰዱት። «ቆለኛ ብርዱን አይችልም ልጄ፣ በወሩ ጥሎ ይወጣል» አሉኝ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ቡናም ጋብዘውኛል። ግን ሌሊቱን ሙሉ ከነከነኝ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ነገሩ ከመሬት የተነሳ አይደለም። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ሸዋ ሮቢት የዚያን ግማሽ እንኳ አትሞላም። ኅዳር ላይ ውርጩን ታየዋለህ።

መልስ፦ ብዙ ቆለኛ ይበርደዋል ማለት ሌላ፣ አንተን ሳይጠይቁ መፍረድ ሌላ። እኔ የመንዝ ልጅ ነኝ። አገሬ በበግና ከበግ ጸጉር በሚሠራው ብርድ ልብስ፣ በባና፣ መታወቁ ደስ ይለኛል፤ እውነት ነው። እኔ ግን ጸጉር ፈትዬ አላውቅም፣ መምህር ነኝ። ተመለስና አነጋግራቸው።

ጠያቂው፦ ዛሬ ሄድኩ። «ስለ ቆለኛ የሚያውቁትን አልክድም፤ ስለ እኔ ግን እኔን ይጠይቁኝ» አልኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና ክፍሉን ከፈቱልኝ። በመስኮቱ በየት በኩል ነፋስ እንደሚገባም አሳዩኝ።